ኡዮምቦ፦ ኑክሌሩን እምቢ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር

ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. — ናይሮቢ

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሜ ውጤት ባስረከብኩ ማግስት ወደ ናይሮቢ በረርኩ። መድረሻዬ ግን ናይሮቢ አልነበረችም። በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ በኪሊፊ ካውንቲ፣ ኡዮምቦ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። የኬንያ መንግሥት የአገሪቱን የመጀመሪያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እዚያ ለመትከል አስቦ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ለዓመታት አሻፈረን ብለዋል። እነሱን አግኝቼ ማነጋገር ፈልጌ ነው የተነሣሁት።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ባለፈው መስከረም ኢትዮጵያ ከሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ ከሮስአቶም ጋር ስለ ኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ዩራኒየም መሰንጠቅ ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ስለ ኒውትሮን ሳይሆን «የት ነው የሚተከለው?» ብለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ደጃቸው የደረሰባቸው ሰዎች ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ ከራሳቸው አፍ መስማት ነበረብኝ።

ያደርኩት በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ከሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ባለቤቱ ቡና አፍልታ፣ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ቀኑ ዓርብ ነበርና። እራት ላይ እያለን መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። የአክስቴ ልጅ አምፖሉን እያየ «ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ከእኛው አገር የመጣ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከናይሮቢ አጠገብ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022ም በውል የተሸጠው 200 ሜጋዋት በእሱ በኩል ማለፍ ጀመረ። መስመሩ የተሠራው ግን እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም ተደርጎ ነው። ይህን ቁጥር በጉዞዬ ሁሉ ይዤው ዞሬአለሁ።

ጥር 16 — በባቡር ወደ ሞምባሳ

ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚወስደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ሥራ የጀመረው። የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት 1,500 ሽልንግ ነው። ዛሬ አንድ የኬንያ ሽልንግ ከአንድ ብር ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንባቢ ዋጋውን በብር ለማሰብ አይቸገርም። ሲዮኪማው ጣቢያ ስንደርስ ሻንጣችንን መሬት ላይ በረድፍ አስቀምጡ ተባልን፤ እኛም በሌላ ረድፍ ቆምን። የሠለጠኑ ውሾች ከዳር እስከ ዳር እያሸተቱ አለፉ። የእኔ ሻንጣ ላይ አንዱ ውሻ ዘግየት አለ። ውስጡ የነበረው የቆሎና የዳቦ ቆሎ ከረጢት ነው፤ ለማርፍባቸው ሰዎች ስጦታ ብዬ የያዝኩት።

ባቡሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲው ጋር የአንድ ዘመን ሥራ ነው፤ ሁለቱንም የሠሯቸው የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ወንበሩ ሳይቀር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሕዝቡ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ወንበር ሰው አለበት። ጻቮ ስንደርስ ቀዩን አፈር ተቀብተው የቀሉ ዝሆኖች ከሐዲዱ ራቅ ብለው ታዩ፤ ሕፃናት በሙሉ ወደ አንድ ወገን መስኮት ተንጋጉ።

ሞምባሳ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አዋሽን ወይም ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ሙቀት አዲስ አይሆንበትም፤ የሞምባሳው ግን እርጥበት አለው፤ ሸሚዝ አይደርቅም። በዚህች ከተማ ዳርቻ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ አጠገቡ ተተክሎ የሰፈሩ ሕፃናት በእርሳስ ተመረዙ። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል ሴት በዚያው ፋብሪካ ተቀጥራ ስትሠራ የራሷ ልጅ ታመመባት፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው እስኪዘጋ ታገለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አገኘች፤ በ2020 ደግሞ ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ወሰነ። የኡዮምቦን ሰዎች አቤቱታ ይዞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ፓርላማ ከሄዱት ድርጅቶች መካከል የእሷ ድርጅት አለበት። ይህን የምጽፈው የኪሊፊ ሰው ፍርሃት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። ከእነሱ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ «ምንም አይላችሁም» የተባለ ፋብሪካ ልጆችን ሲመርዝ አይተዋል።

ጥር 17 — ሞምባሳ፣ ምትዋፓ፣ ኪሊፊ

ወደ ማሊንዲ የሚሄድ ማታቱ ያዝኩ፤ ማታቱ ማለት የእኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው። እስከ ማትሳንጎኒ 400 ሽልንግ ተጠየቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ረዳቱን በስዋሂሊ ተቆጥታ ወደ 300 አስወረደችልኝ። ባለቤቷ የሚሠራው ዶሃ እንደሆነ፣ እዚያም የኢትዮጵያ ሴቶችን እንደሚያውቅ ነገረችኝ። እስከ ኪሊፊ ስናወራ ሄድን።

መንገዱን ለሁለት እየከፈሉ እያሰፉት ነው፤ ምትዋፓ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመን አቧራ ጠጣን። ቪፒንጎ አካባቢ ግራና ቀኙ የቃጫ እርሻ በሆነበት ሜዳ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ሲወጣ እሱም ሳስቷል። ሾፌሩ ከሚያልፍ ሞተር ብስክሌት ኋላ ጎማውን አዝሎ ሄደ፤ እኛ በፀሐይ ቀረን። ቃጫው ጥላ የለውም። አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እኔንና ሴትዮዋን ሥሩ አስገቡን፤ ራሳቸው ግን ግማሽ ትከሻቸው ፀሐይ ላይ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «ኡዮምቦ» ስላቸው በእንግሊዝኛ «የኑክሌሩ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመንገዱ ዳር የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያንን መንደር የሚያውቀው በዚህ ስም ሆኗል።

ማትሳንጎኒ ስደርስ መሽቷል። እዚያው አደርኩ፤ 1,200 ሽልንግ፣ አጎበር ያለው አልጋ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ፤ እስኪነጋ አልተመለሰም።

ጥር 18 — ኡዮምቦ

ከአስፋልቱ ወደ ባሕሩ የሚወስደው የአሸዋ መንገድ ነው። ሞተረኛው 200 ሽልንግ ተቀበለኝ፤ አሸዋው በጠለቀ ቁጥር እየወረድኩ ገፋሁለት። ግራና ቀኙ ማንጎ፣ ካሹ፣ ኮኮናት፣ ካሳቫ ነው። ቤቶቹ ጭቃና የኮራል ድንጋይ፣ ክዳናቸው የተጎነጎነ የኮኮናት ቅጠል። በስልክ አስቀድሞ የተዋወቀኝ ወጣት መምህር አባቱ ግቢ አደረሰኝ።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሁሉ በባሕር ላይ ያሳለፉ ናቸው። እዚህ ለታላቅ «ሺካሞ» ብሎ ሰላም ማለት ግድ ነው፤ እጅ እየነሣሁ አልኩ፤ እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ማንም በስሜ አልጠራኝም፤ ለሁሉም «ምዋሊሙ» ሆንኩ፤ መምህርት እንደማለት ነው። እኔም እሳቸውን እንደ ሁሉም «ምዜ»፣ ማለትም ሽማግሌ፣ እላለሁ።

የተቀመጥንበት ከማንጎው ሥር ነው። ምዜ ከቅርንጫፍና ከገመድ የተሠራ የዓሣ ወጥመድ ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠግኑ ነበር። የተበጠሰውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ይለኩታል፤ ጣቱ ካለፈ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ አጥብበው እንደገና ያሥሩታል። እየሠሩ ነው ያወሩኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰዎች በመኪና መጥተው መሬት ሲለኩ ነው አሉ። ለምን እንደሆነ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ወሬው እየተጣራ ሲመጣ፣ አንድ ማመንጫ፣ 1,000 ሜጋዋት፣ ወጪው ወደ 500 ቢሊዮን ሽልንግ፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2027 ተጀምሮ በ2034 ኃይል እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር። ቦታው ለምን እዚህ እንደተመረጠ ጠየቁ። የሚያረካ መልስ አላገኙም። አቤት አሉ፣ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በተደረገው ሰልፍ ላይ ፖሊስ እንደደበደባቸው ነዋሪዎቹና የመብት ድርጅቶች ይናገራሉ። የምዜ ምራት ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ። ጠባሳው ድኗል፤ ስታሳየኝ ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እኛ ድንጋይ አልያዝንም፤ ዘፈን ነው የያዝነው» አለችኝ። አምናታለሁ።

እዚህ የሚኖሩት ጊርያማዎች ናቸው፤ ከምጂኬንዳ ሕዝቦች አንዱ። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዞች ለእርሻቸው ወጣት አምጡ፣ ግብር ክፈሉ ሲሉ መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ሕዝቡን በዘፈንና በመሐላ አሰባስባ አስቆመች። ይዘው ወደ ምዕራብ ኬንያ አጋዟት፤ አምልጣ በእግሯ ተመለሰች። በኡዮምቦ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ሴቶቹ ለሰልፍ ሲወጡ ከፊት የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የመሬት ጉዳይ ነው። ምዜ ከቤት የቆርቆሮ ሣጥን አስመጡና አንድ በአንድ አወጡልኝ፦ የልጆቻቸው የክትባት ካርድ፣ የጀልባ ሞተር ደረሰኝ፣ በእርሳስ የተነደፈ የመሬታቸው ንድፍ። የባለቤትነት ማረጋገጫ የለም። አባታቸውም አልነበራቸውም። በዚህ የባሕር ዳርቻ ይህ የተለመደ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጡት የመሬት ሕግ ጊርያማና ወንድሞቹ የያዙትን መሬት በስማቸው ሳያስመዘግቡ ቀሩ፤ ከነፃነት በኋላም ነገሩ ተንከባሎ ዛሬ ደረሰ። «ካሣ ይከፈላችኋል ይሉናል» አሉ ምዜ። «ወረቀት ለሌለው ሰው ካሣ የሚሰላው በምንድን ነው? በዛፍ ቆጠራ?» እጃቸውን ወደ ማንጎው አነሡ። አያታቸው የተከሉት ነው።

እኛ ዘንድም ከተማ ሲሰፋ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ ስንት እንደተከፈለውና ዛሬ ምን ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ዙሪያ የኖረ ሰው ያውቃል። ለኔ የኡዮምቦ ነገር ከኑክሌር በፊት የመሬት ነገር ነው፤ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ።

ምሽት ላይ ሩዝ በኮኮናት ወተት፣ የተጠበሰ ዓሣና ሸርጣን ቀረበ። ሸርጣኑን በሃይማኖቴ እንደማልበላ ስናገር የቤቱ እመቤት ደነገጡ፤ ምዜ ግን ወዲያው «ጎረቤታችን ሙስሊሙም የማይበላው አለው» ብለው ሣህኑን ወደ ልጃቸው ገፉት፤ ለኔ ትልቁን ዓሣ አወጡልኝ። የዳቦ ቆሎውን ሰጠኋቸው። ልጆቹ በኪሳቸው ሞልተው ሮጡ።

ጥር 19 — ባሕሩ

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ትናንት ማታ ውሃ የነበረው ቦታ ኮራልና የባሕር ሣር ሆኖ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል። ሴቶች ባልዲና ዘንግ ይዘው ድንጋይ ለድንጋይ ይሄዳሉ። የምዜ ምራት አንዱን ጉድጓድ አሳየችኝ፤ አፉ ላይ የተሰባበረ ዛጎል ተከምሯል። ኦክቶፐስ በልቶ የጣለው ነው፤ ባለቤቱ ቤት አለ ማለት ነው። ዘንጉን አስገብታ አወዛወዘች፤ ክንዱ ዘንጉ ላይ ተጠመጠመ፤ ቀስ ብላ ጎትታ አወጣችው። ቀለሙ በእጇ ላይ እያለ ከቡናማ ወደ ነጭ ተለወጠ። ለነጋዴ ስትሸጠው የሁለት ቀን ዱቄትና ዘይት ይገዛል።

ከኡዮምቦ ማዶ ዋታሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለለው የባሕር ብሔራዊ ፓርክ እዚያ ነው። በስተጀርባ ደግሞ ማንግሮቭ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ላይ የሚበቅል ዛፍ፣ የከበበው ሚዳ ክሪክ የተባለ የባሕር ሰርጥ አለ። ዓሣ በማንግሮቩ ሥር ተፈልፍሎ አድጎ ነው ወደ ኮራሉ የሚወጣው። የባሕር ኤሊዎች እዚህ አሸዋ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ከሰሜን የሚሰደዱ ወፎች የአገራቸውን የብርድ ወቅት የሚያሳልፉት እዚሁ ጭቃ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ውሃው ነው።

ምዜ «እዚህ ቦታ ላይ ማመንጫው ከውሃው ጋር ምን አለው?» ብለው ጠየቁኝ። እርጥቡ አሸዋ ላይ በዘንግ ሳልኩላቸው። 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማመንጫ ውስጡ ወደ 3,000 ሜጋዋት ሙቀት ይፈጥራል። ሲሶው ብቻ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የቀረው 2,000 መውጫ ይፈልጋል፤ ባሕር ዳር የሚተከለውም ለዚህ ነው። ውሃ ይስባል፣ አሙቆ ይመልሳል። ውሃው በ10 ዲግሪ ሙቆ ይመለስ ብንል በየሰከንዱ 50 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። ምዜ «በየሰከንዱ?» ብለው ደገሙ። አዎ፣ ሌት ተቀን። ከዚያ ራሳቸው ጨረሱት፦ «ከውሃው ጋር የዓሣውን እንቁላልም ይስባል።» እኔ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ኮራል ደግሞ ድንጋይ ቢመስልም ሕያው ነው፤ ከለመደው ሙቀት አንድ ሁለት ዲግሪ አልፎ ከቆየበት ይነጣል፤ ይሞታል።

ሌሎቹን ፍርሃቶችም እኔው አነሣሁላቸው፤ መደበቅ ተገቢ ስላልመሰለኝ። ያገለገለው ነዳጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ጨረር ይረጫል፤ እስከ ዛሬ ዓለም አብዛኛውን በጊዜያዊ ማከማቻ ነው ያስቀመጠው። አደጋ የሚደርሰው እምብዛም ነው፤ ሲደርስ ግን ፉኩሺማ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳየችው ሰው ቤቱን ቆልፎ ይወጣል፤ ዓሣ አጥማጁም ያጠመደውን የሚገዛው ያጣል። በሌላ ወገን ደግሞ፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ ያለው የኮበርግ ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይሠራል፤ የከሰል ጭስም የለበትም። ይህንንም ነገርኳቸው። ምዜ «ጥሩ። እዚያ ያሉት ሰዎች ሲጀመር ተጠይቀው ነበር?» አሉ። ጊዜው የአፓርታይድ ነበር፤ ጥቁሩን የጠየቀው የለም።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተመልሶ በንጋላዋ፣ ማለትም በግራና በቀኝ እንጨት በተደገፈች ቀጭን ጀልባ፣ ወደ ማዶ ተሻገርን። መሐል ላይ ነፋሱ በርትቶ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ገባ። ልጁ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን እየቀዳ ያፈስሳል፣ እኔ ቦርሳዬን ከጭንቅላቴ በላይ ይዤአለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ግማሹ ራሰ። የዛሬውን ቀን የጻፍኩት ከደረቅሁ በኋላ ነው።

ጥር 20 — ሚዳ፣ ገዲ፣ ዋታሙ

ረቡዕ ነው። ለጾመኛ ከዚህ የባሕር ዳርቻ የተመቸ አገር አላየሁም። ቁርስ የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ከማሃምሪ ጋር ይቀርባል። ማሃምሪ የእኛን ቦምቦሊኖ ይመስላል፤ ሄል አለበት። ሳህኑ 50፣ አንዱ ማሃምሪ 10፣ ሻይ 20 ሽልንግ። ቅቤም ወተትም ሳልነካ ጠግቤ ወጣሁ።

ጧት የአራቡኮ ሶኮኬን ጫካ ዳር ዳሩን ሄድኩ። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀረው የባሕር ዳርቻ ጫካ ትልቁ። አስጎብኚው ወርቃማ ዳሌ ያላትን ሴንጊ የተባለች አይጥ መሰል እንስሳ ለማሳየት ሁለት ሰዓት ደከመ፤ ቅጠል ስትረግጥ ሰማናት፤ ከዚያም በላይ አልሆነልንም። ገዲ የተባለችውን የጥንት የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽም አየሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆናለች። ይህ ሁሉ ከኡዮምቦ በሞተር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ዋታሙ ሌላ ዓለም ናት። የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ጄላቶ፣ ነጭ አሸዋ። እዚያ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ የማትሳንጎኒ ልጅ አገኘሁ። እሱ ማመንጫውን ይደግፋል። «ሆቴሎቹ ሥራ የሚሰጡኝ ቱሪስት ሲመጣ ብቻ ነው። በኮሮና ጊዜ ቤተሰቤ ምን በላ?» አለኝ። ሰልፍ የወጡትን ጎረቤቶቹን አይጠላም፤ ግን ሥልጠና፣ ደመወዝ፣ መንገድ ይመጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ንግግሩ እውነት አለው፤ የኪሊፊን ወጣት ድህነት ያየ ሰው በዚህ ልጅ አይፈርድም። እኔ ግን የመለስኩለት ይህን ነው። ኬንያ በአንድ ጊዜ የምትጠቀመው ከፍተኛው ኃይል 2,400 ሜጋዋት ገደማ ነው። አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው ፍላጎት አሥር በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ምክንያቱም ድንገት ሲቆም አገሩን ሁሉ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ከአርባ በመቶ ይበልጣል። ደግሞም ኬንያ የእንፋሎት ኃይል ከመሬት ታወጣለች፤ ቱርካና ላይ 310 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል አላት፤ ከሶዶ የሚመጣው መስመርም ገና አልሞላም። ልጁ መስመሩ ከኢትዮጵያ እንደሚመጣ አልሰማም ነበር። በስልኩ ካርታ ላይ እየተከተለ ሱስዋ ድረስ አየው።

በዚህ አካባቢ ሰው ታግሎ ያሸነፈበት ሌላም ጊዜ አለ። ከማሊንዲ በስተሰሜን ላሙ ላይ 1,050 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ሊተከል ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ሸንጎው ፈቃዱን ሰረዘው፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነዋሪው በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 69 ሕዝቡ በአካባቢ ጥበቃ እንዲሳተፍ መንግሥት የማበረታታት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የኡዮምቦ ሰዎች ይህን አንቀጽ በቃላቸው ይሉታል። ግብፅ ውስጥ ግን ኤል ዳባ ላይ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2012 ቦታውን ሰብረው ገቡ፤ መሬታችንን መልሱ አሉ፤ ዛሬ ሮስአቶም እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋዋት የሚሰጡ አራት ማመንጫዎችን እዚያው እየገነባ ነው።

ጥር 21 — ከኡዮምቦ ወደ ሞምባሳ

ለመሰናበት ወደ ኡዮምቦ ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ማዳፉ፣ ማለት እሸት ኮኮናት፣ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ከተማ 50 ሽልንግ የሚሸጠውን እዚህ ገንዘብ አንቀበልም አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የማመንጫው ነገር ወደ ሌላ ቦታ ዞሯል። አሁን የሚነገረው በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ስላለችው ሲያያ ካውንቲ ነው። ይህን ድል ትሉታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ መምህር አዎ አለ። ምዜ አላሉም፤ «ተትቷል» የሚል በእጃቸው የገባ ወረቀት እስከሌለ ድረስ የሚለካ መኪና ነገም ይመጣል ብለው ያስባሉ። ምራቲቱ ግን ሌላ ነገር አለች፦ «ሐይቁም ዓሣ አጥማጅ አለው።» ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ሲያያ ሆነ። እዚያ ያሉ መሪዎች ማመንጫውን እየተቀበሉት ነው፤ ሕዝቡም ሥራ ይፈልጋል፤ እኛ ከዚህ ተነሥተን እምቢ በሉ ልንል አይገባም አለ አንዱ። እምቢ በሉ አይደለም፣ ጠይቁ በሉ ነው ያልነው አለች ሌላዋ። በመጨረሻ ያቀረቡትን አቤቱታ ቅጂ ሰጡኝ። ወደዚያ የሄድሽ እንደሆነ አሳያቸው፤ እኛ ያልተነገረንን እነሱ አስቀድመው በጽሑፍና በሉኦ ቋንቋ ይጠይቁ አሉኝ።

ስለ አገሬም ጠየቁኝ። ሕዳሴ ግድብ ባለፈው ጳጉሜን እንደተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት እንደሆነ፣ ኑክሌርም ለመጨመር እንደተወሰነ ነገርኳቸው። የእኔን አቋም በግልጽ አልኩ፤ እዚህም ልጻፈው። ኢትዮጵያ ኑክሌር አያስፈልጋትም አልልም፤ ግማሽ ገደማ ሕዝቧ መብራት የሌለው አገር የኃይል ምንጭ አማርጦ አይጨርስም። ቦታው ሲመረጥ ግን የቦታው ሰው ከመኪናውና ከመለኪያው በፊት በራሱ ቋንቋ ይሰማ፤ ማቀዝቀዣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ያገለገለው ነዳጅ የት እንደሚያርፍ፣ ከመሬቱ ለሚነሣው ምን እንደሚከፈል ተጽፎ ይቅረብለት፤ እምቢ ቢልም እምቢታው ይቆጠርለት። እኛ ባሕር የለንም፤ ስለ ሐይቅና ስለ ወንዝ ነው የምናወራው፤ ስለዚህ ለእኛ የውሃው ጥያቄ ከኡዮምቦም የከበደ ነው።

ወደ ሞምባሳ ስመለስ ጎማ አልፈነዳም፤ ምትዋፓ ላይ ብቻ እንደገና ቆምን። አውሮፕላኔ ከሞምባሳ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚሄደው ነበር። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ የአቤቱታውን ወረቀት አይቶ አገላብጦ አነበበና የኪሊፊ ልጅ መሆኑን ነገረኝ፤ አጥፎ በቦታው መለሰልኝ።

ወደ ሲያያ ለመሄድ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ኪሱሙ፣ ከዚያ በማታቱ ቦንዶ መድረስ ይቻላል። የክረምቱ ዕረፍት እንደተጀመረ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።